አበባ ያወጣው ቁም ሳጥን

ኤቤሊዮ ኮርዶቬስ ቡኒ ቀለምን ስልሳ አራት ቦታ ከፍሎ ያውቃል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው የሚለው፣ ያውም ሳይጠየቅ። በከተማችን በሳን ሉዊስ ዳቦ ለመግዛት ተሰልፎ ከኋላው የቆመ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። በእኛ ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሲጋር ቀለም ለዪ ነበር። የተጠቀለለው ሲጋር ጠረጴዛው ላይ ይከመርለታል፤ እሱ ከጠቆረው እስከ ፈዘዘው በየመልኩ ይደረድረዋል፤ አንድ ሳጥን ውስጥ የሚገቡት ሃያ አምስቱ እንደ መንታ እንዲመሳሰሉ። ከባድ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን እግዜር ቡኒን ሲፈጥር ኤቤሊዮን አማክሮ ነው ብሎ ማመን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ሶይላ እባላለሁ። እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት አንባቢ ሆኛለሁ። ሠራተኞቹ ሲጋር ሲጠቀልሉ እኔ ከፍ ያለች መድረክ ላይ ተቀምጬ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ያነበብኩት ከጣማቸው ቅጠል የሚቆርጡበትን ቢላ በጠፍጣፋ ጎኑ ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳሉ። ካልጣማቸው መሬት ላይ ይጥሉታል። እኔ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር የማነበው። ስለዚህ በኤቤሊዮ ስስቅበት ከላይ ሆኜ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ከላይ ሆኜ ነው፤ መድረኩ ከፍ ያለ ነው።

ሚስቱ ኦርቴንሲያም የእኛው ሠራተኛ ነበረች፤ የትምባሆ ቅጠል ከመሃል አጥንቱ የምትለይ። አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ወደ ቤት ይመለሳሉ። እሱ በረንዳው ላይ የሚወዛወዝ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ወደ ወጥ ቤት። ትንሽ ቆይቶ፣ «ኦርቴንሲያ፣ ውሃ!» የሚል ድምፅ መንገዱን ሁሉ ያዳርሳል። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ታመጣለታለች። እሱም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ ያደርግና፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ሲጋር እንደሚመረምር አድርጎ ያየዋል። «ጉድፍ አለበት» ይልና ይመልስላታል። ሁለተኛ ታመጣለች። እኔ ቤቴ ፊት ለፊት ስለሆነ ይህን በዓይኔ ያየሁትን ቀን ብቆጥር አመሻለሁ።

ኦርቴንሲያ በሳንባ ምች ሞተች። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ፤ የሷ አሟሟት እንኳ ሰው እንዳያስቸግር የተጠነቀቀ ነበር። ሦስት ቀን ተኝታ በአራተኛው ሄደች፣ ያውም ልብስ አጥባ አስጥታ።

ዓመት ሳይሞላት ኤቤሊዮ ቀሚሶቿን በከረጢት አድርጎ ለእህቷ ለኔሬይዳ ላከና ቁም ሳጥኗን ወረሰ። ቁም ሳጥኑ ሴድሮ ከምንለው ቀይ እንጨት የተሠራ፣ እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻት ነው። ሲጋር ደግሞ ከሴድሮ የተሻለ ቤት የለውም፤ እንጨቱ እርጥበቱን ያመጣጥንለታል፣ ነቀዝም ያርቅለታል። ኤቤሊዮ የልብስ መስቀያውን ብረት ነቅሎ መደርደሪያ አስገባበትና ሀብቱን ደረደረ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱ የሚያጨሰው ሲጋር በየቀኑ ይሰጣል። ሌላው ሰው እያጨሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኤቤሊዮ ግን አንድ ቀለም የሆኑትን ብቻ እየመረጠ፣ ሌላውን ለጎረቤት እያደለ ሲያጠራቅም ኖሯል። አራት መቶ ያህል ሲጋር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ። «ቁጥር ሠላሳ አንድ» ይለዋል። ከነዚያ አንዱንም አጭሶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለምን እንደሚያጠራቅም ሁላችንም እናውቃለን። መድረኬ አጠገብ ግድግዳው ላይ የእንጨት ሰሌዳ አለ። በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ፋብሪካው በተመሠረተበት ቀን፣ ጡረታ ከወጡት የአንዱ ስም ይቀረጽበታል። ዕጩው ቤቱ ያቆየውን ሲጋር ለአዳራሹ ሁሉ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ራሱ ይለኩሳል፣ ቀጥሎ ሌላው ሰው። ከዚያ ቢላዎቹ ይፈርዳሉ። ጠረጴዛ ላይ ከተንኳኩ ስሙ ይቀረጻል፤ መሬት ላይ ከወደቁ የዚያ ዓመት ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ሰውየውም ሁለተኛ አይታጭም። ኤቤሊዮ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ስምንት ዓመት ጠበቀ። ልጅ አልወለዱም። ስሙን የሚያኖርለት ከዚያ ሰሌዳ በቀር ምንም አልነበረውም፤ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ዘንድሮ ተራው ደረሰ።

እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ውሃ ይቀመጥለታል። ፎቶው አጠገብ አንድ ብርጭቆ፤ ነፍስ ትጠማለች ይባላል። ሰኞ ሰኞ አሮጌው ይደፋና በአዲስ ይለወጣል። እኔም ለእናቴ አስቀምጣለሁ፤ ባላምንበትም አስቀምጣለሁ። ኤቤሊዮ ግን የኦርቴንሲያን ውሃ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሲጋሮቹ በታች አስቀመጠው። «ሳጥኑ የሷ ነው፤ ሌላ የት ትመጣለች?» አለ። በሕይወት እያለች አንድ ቀን ውሃ አቀብሏት የማያውቅ ሰው፣ ከሞተች በኋላ አንድም ሰኞ አላስተጓጎለባትም። ይባስ ብሎ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይኩራራባት ጀመር።

«የናንተ ሙታን ይጠጣሉ?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ቀን።

«እናቴን አልጠየቅኋትም» አልኩት።

«የኔዋ ትጠጣለች። በየሳምንቱ ግማሽ ድረስ አጉድላ ትጠብቀኛለች። እንደሷ የሚጠጣ ሟች በዚህ መንደር የለም።»

ሰው በቁጥር ሠላሳ አንድ ሲኮራ እችላለሁ። በሞተች ሚስቱ ጥም ሲኮራ ግን ምን ይባላል? ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ አሁን ድረስ ይቆጨኛል፤ የጎደለው ውሃ የት እንደሚሄድ ያኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እኔንና ኔሬይዳን ጠራን። ኔሬይዳ የኦርቴንሲያ ታናሽ እህት ናት፤ የአዳራሹ የፊት ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ እጇ ፈጣን ምላሷ ከእጇ የፈጠነ ሲጋር ጠቅላይ። ኤቤሊዮ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አንዱ ካልሲው ቡኒ፣ አንዱ አረንጓዴ ነበር። ዓይኑን የሞራ ግርዶሽ ከጋረደው አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ሐኪሙ ከቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው፣ በነፃም ነው። አልሄደም። ቀለም ለዪ ዓይኑን ታመመ ከተባለ ምን ቀረው?

«ግቡ፣ ግቡ» አለን። «ግን አትተንፍሱበት።»

ቁም ሳጥኑን ከፈተው። ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ ዝናብ የገባበት ጓዳ ሽታ። ከዚያ አየነው። አራቱ መቶ ሲጋር ከላይ እስከ ታች ፀጉራም ሆኗል።

«አበባ!» አለ ኤቤሊዮ። «በሙሉ አብቧል። በሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ሲጋር በደንብ ሲያረጅ ዘይቱ ላዩ ላይ ወጥቶ እንደ ደቃቅ ዱቄት ይደርቃል ይባላል። ይህን ነው አበባ የምንለው፤ የጥሩ አያያዝ ምስክር ነው። አበባ ያወጣ ሲጋር ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ አየሁ የሚል ግን ብዙ ነው።

ኔሬይዳ አንዱን አንስታ መስኮቱ አጠገብ ሄደች። «ኤቤሊዮ፣ አበባህ ፀጉር አብቅሏል» አለች።

«ለስላሳ ስለሆነ ነው።»

«አረንጓዴም ነው።»

«ነጭ ነው!»

«አረንጓዴ ነው እያልኩህ። ሶይላ፣ ነይ እስቲ፣ ምንድን ነው?»

«ወደ ሰማያዊ ያደላል» አልኩ።

«ሁለታችሁም ዓይናችሁን ሐኪም አሳዩ» አለን። «እኔ እንደሆንኩ ቡኒን ብቻ…»

«ስልሳ አራት!» አልነው በአንድ ድምፅ።

ኔሬይዳ መሐረቧን አውጥታ ሲጋሩን ጠረገችው። አበባ ቢሆን እንደ አቧራ ብን ብሎ ይጠፋ፣ ሲጋሩም ያብረቀርቅ ነበር። መሐረቡ ላይ የቀረው አረንጓዴ ልጥፍ ነው፤ ሲጋሩም ቆዳው ላይ እንደ ቁስል ጠባሳ ቀረበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አየችና ቀና አለች።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የኦርቴንሲያ ውሃ ነው።»

«ብርጭቆ ነው ወይስ ባልዲ?»

ሁለት ትልልቅ የቢራ ብርጭቆ ነበር፣ እስከ አፉ የተሞላ። «መጀመሪያ ትንሽ ብርጭቆ ነበር» አለ ኤቤሊዮ። «አጉድላው ሳገኘው ጊዜ ትልቅ አደረግሁላት። እሱንም ስታጎድለው ሁለት አደረግሁላት። ይጠማታል።»

«በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ውሃ ሲጎድል የት የሚሄድ ይመስልሃል?»

«ወደ እሷ ነዋ።»

«ወደ ሲጋሮችህ ነው የሄደው፣ አንተ ሰውዬ! አራት መቶ ሲጋር በየሳምንቱ ውሃ ስታጠጣ ከርመህ ምን እንዲያበቅል ፈልገህ ነበር፣ በቆሎ?» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ እህቴ እንደሆነች በሕይወቷም ውሃ አትወድም ነበር። ቡና ነበር የምትወደው። አርባ አንድ ዓመት አብረሃት ኖረህ ይህንን አታውቅም።»

ኔሬይዳ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ምን መደረግ እንዳለበት ነገረችው። ሲጋሮቹን በሙሉ አውጥቶ አየር ላይ ማስጣት። ሻጋታው ላዩ ላይ ብቻ የሆነውን በለስላሳ ብሩሽ ውጭ ሆኖ መጥረግ። በሲጋሩ እግር፣ በሚለኮስበት ጫፍ በኩል የገባበትን ማቃጠል፤ እሱ አይድንም። ሳጥኑን በአልኮል ወልውሎ በሩን ከፍቶ ማድረቅ። ብርጭቆዎቹን ማውጣት። «ተግተን ከሠራን ለአዳራሹ የሚበቃ እናተርፋለን» አለች።

«እሷን ከገዛ ሳጥኗ ላስወጣት?» አለ።

«ቀሚሶቿን ስታስወጣ መቼ እንዲህ አሰብክ?»

በሩን ዘጋው። ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ያለበት ይመስል። «አበባ ነው» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ኔሬይዳ መሐረቧን በሩ ላይ ሰቅላለት ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። መንገድ ላይ አለቀሰች፣ ከንዴት ይሁን ከሐዘን አልጠየቅኋትም። እኔ ግን ንዴት ነበር የያዘኝ። ሻጋታ ነው ቢል ዓይኑ እንደጠፋ ማመን ሊኖርበት ነው፤ ዓይኑ ከጠፋ ደግሞ ፋብሪካ በነበረበት የመጨረሻ ሁለት ዓመት ሁለት ልጃገረዶች እሱ ምሳ ሲወጣ የለየውን ሁሉ መልሰው ይለዩት እንደነበር ሊገባው ነው። ይህን ከሱ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኛ በይሉኝታ ዝም አልን፤ እሱ በዝምታችን ሰከረ።

በበዓሉ ቀን ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ፣ ሲጋሮቹን በስድስት ሳጥን አስጭኖ መጣ። እጄ ላይ አንድ ወረቀት አኖረ፤ «ከመድረክሽ ላይ አንብቢልኝ» አለኝ። ማንበብ ሥራዬ ነው፣ አነበብኩ። «ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ዛሬ በእጃችሁ የምትይዙት አበባ የትዕግሥት ፍሬ ነው። አበባን የሚያውቅ ዓይን በትውልድ አንድ ጊዜ ይገኛል» ይላል። ይህን ሳነብ ሰው እየሳቀ እንዳይታየኝ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ከፍ አደረግሁት። እኔም እየሳቅሁ ነበር።

ሲጋሮቹ በየረድፉ ታደሉ። መቶ አርባ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ቅጠል ሲዳስስ የኖረ ሰው፣ እጁ ላይ ያለውን አየ። ማንም አልለኮሰም። አንዲት ሴት ሲጋሯን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ፣ የሞተ አይጥ ያገኘች ይመስል፣ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

ዕጩው ነው መጀመሪያ የሚለኩሰው። ኤቤሊዮ ለኮሰ፣ ሳበ። ዓይኑ ይጋረድ እንጂ አፍንጫውና ምላሱ የሠላሳ ስምንት ዓመት ልምድ አላቸው። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ በመጀመሪያው ጭስ አወቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሁለተኛ ሳበ። ሦስተኛ ሳበ።

«ማኤስትሮ፣ እንዴት ነው?» ብላ ጮኸች ዮርዳንካ የምትባል ወጣት ከኋላ ረድፍ።

«ጥልቀት አለው» አለ ኤቤሊዮ፤ ሳል አቋረጠው።

«የጉድጓድ ነው የጓዳ?» አለ ሌላው። አዳራሹ ሳቀ።

ኤቤሊዮ አጨሰ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ላቡ ሸሚዙን አልፎ፣ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ኩራት ሳይጥል አጨሰ። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ግማሹ ላይ ሲደርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲታመም ቆሞ እንደማየት ሆነብን። ኔሬይዳ ከፊት ረድፍ ሆና፣ «ይበቃል፣ ኤቤሊዮ» አለችው፤ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ሲጋሩን ከአፉ አወጣው። «ሻጋታ ነው» አለ።

ፊቱን ወደ ረድፎቹ አዞረ።

«ሻጋታ ነው። ውሃ ያስቀመጥኩበት እኔ ነኝ፣ ለኦርቴንሲያ። ትጠጣለች ብዬ።» ሲጋሩን በጣቱ አገላበጠ። «ቡኒን አውቅ ነበር። ነጭን ማንም አላስተማረኝም። እሱም አሁን ነጭ አይደለም ይሉኛል፣ አረንጓዴ ነው። አላየሁትም። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አላይም።» የሚቀመጥበት ፈልጎ ዳበሰ፤ አላገኘም። «ቡና እንደምትወድም የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው» አለ።

የመጀመሪያው ቢላ ወደቀ። የኔሬይዳ ነበር። ከዚያ የሌላው፣ ከዚያ የሁሉም፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ በረዶ። ለሰው እናዝናለን፤ ሻጋታ ግን አናሳልፍም። እኔ ቢላ የለኝም፤ ወረቀቱን ጣልኩት። ኤቤሊዮ ድምፁ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳና ወጣ። የዘንድሮው ቦታ ሰሌዳው ላይ ባዶውን አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ኔሬይዳ ብሩሽና አልኮል ይዛ በሬን አንኳኳች። «ተነሺ» አለችኝ። «እሱ ብቻውን አረንጓዴውን ከቡኒው አይለየውም።»

ኤቤሊዮ በሩን ሳናንኳኳ ከፈተልን። አልተከራከረም። ከአዳራሹ የተመለሱትን ሲጋሮች ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ዘረጋናቸው፤ እኔና ኔሬይዳ እየጠረግን፣ እሱ እያሸተተ። አፍንጫው አሁንም ጌታ ነው፤ ጫፉን ያሸትና «ይሄ ይቃጠል፣ ይሄ ይዳን» ይላል። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ጥሩ የሆነውን ወደ መቶ የሚጠጋ አተረፍን፤ የቀረውን የእንጨት ቅራፊ ጨምረን አቃጠልነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። ብርጭቆዎቹን ላወጣ ስል ኔሬይዳ እጄን ያዘችኝ።

«ያስቀመጠው እሱ ነው። እሱ ያውጣው።»

ኤቤሊዮ አወጣቸው፣ ውሃውን ደጅ ደፋው። ተመልሶ ገባና አንድ ትንሽ ሲኒ ቡና ይዞ መጣ፤ የሟቿ ፎቶ ወዳለበት መደርደሪያ ሄዶ በዳበሳ አስቀመጠው፤ ግማሹ ፈሰሰ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና፣ ከልምዱ የተነሣ ሳያስበው፣

«ኔሬይዳ፣ ውሃ!» አለ።

ኔሬይዳ ብሩሹን እጇ ላይ ይዛ ዞር አለች። «ከጠዋት ጀምሮ በሻጋታህ ጉሮሮዬ የተዘጋው እኔ ነኝ» አለችው። «እግር አለህ።»

ተነሣ። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማን፤ ሲሳደብም ሰማን። በመጨረሻ በሁለት እጁ ሁለት ብርጭቆ ይዞ፣ በሩን በትከሻው እየፈለገ ወጣ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለኔሬይዳ። ኔሬይዳ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገችው። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች።

«ጉድፍ አለበት» አለች።

ኤቤሊዮ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ብርጭቆውን ሊቀበላትና ሊለውጥላት መሰለኝ። ከዚያ እጁን አወረደ።

«ጉድፍ አይደለም» አላት። «አበባ ነው።»

ኔሬይዳ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ፤ ከዚያ ጠጣችው።